«መታሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም» ማለት ለምን አያድንም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግብዣ ላይ ተጣልቶ አንድ ሰው መታ፤ ሰውየው ወድቆ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሞተ። ወንድሜ ለፖሊስ «መታሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የተከሰሰው ግን «ያለ መግደል ሐሳብ በተፈጸመ ሁለተኛ ደረጃ ግድያ» ነው። ሳይታሰብ ግድያ ይባላል? ስንት ዓመት ያስፈርዳል? ሽማግሌዎች ለቅሶ ቤት ሄደው ይቅርታ ሊጠይቁልን ተዘጋጅተዋል።

መልስ፦ ፈጣሪ ሁለቱንም ቤት ያጽና። ሽማግሌዎቹን ግን ዛሬውኑ ያስቁሙ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት።

አገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ለብቻው ያስቀምጣል፤ መነሻ ቅጣቱም ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ነው። እርስዎም ወንድምዎም ያንን እያሰባችሁ ይመስለኛል። ሚኒሶታ ሌላ አገር ነው። በግዛቱ ሕግ ክፍል 609.19 ንዑስ ክፍል 2 መሠረት አንድ ሰው ፌሎኒ የሚባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም ወይም ሊፈጽም ሲሞክር፣ ማንንም ለመግደል ሳያስብ ሰው ከሞተበት፣ ሁለተኛ ደረጃ ግድያ ነው። ጣሪያው 40 ዓመት።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ይወድቅበታል። ዐቃቤ ሕግ የመግደል ሐሳብን ማስረዳት አይጠበቅበትም። የሚያስረዳው ሁለት ነገር ነው፤ ከባድ ወንጀል መፈጸሙን፣ ሞቱም በዚያ መምጣቱን። ሦስተኛ ደረጃ ድብደባ ለዚህ ይበቃል፤ አጥንት ከተሰበረ ወይም የአካል ክፍል ለጊዜውም ቢሆን በጉልህ ከተጎዳ፣ መቺው ያን ያህል ጉዳት ባያስብም መምታቱን ካሰበ በቂ ነው። ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ዴሬክ ሾቪን በ2021 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ የተባለበት አንዱ ክስ ይኸው ነበር፤ መነሻ የተደረገውም ሦስተኛ ደረጃ ድብደባ ነው። እንግዲህ የወንድምዎን ቃል መልሰው ያንብቡት። «መታሁት» ሲል ዐቃቤ ሕግ የሚፈልገውን ሰጠው፤ «አላሰብኩም» ሲል ማንም ያልጠየቀውን ካደ። ይከላከልልኛል ብሎ የተናገረው ግማሽ የእምነት ቃል ሆኖ ተመዘገበ።

ሽማግሌዎቹ ሄደው የሚሉትም ያንኑ ነው፦ «ልጃችን እጁ ሰነዘረ እንጂ ክፋት የለበትም።» የሟች ቤተሰብ ነገ ምስክር ሆኖ ይጠራል፤ ሽማግሌዎቹም ይጠራሉ። ሽምግልና እንደ ጠበቃና ደንበኛ ንግግር በሕግ የተጠበቀ ምስጢር አይደለም፤ ካህን አብሮ መቀመጡ ደግሞ ንግግሩን ንስሐ አያደርገውም። ክሱ የግዛቱ ስለሆነ ቤተሰቡ ይቅር ቢልም አይዘጋም። ፍርድ ቤቱ እንዳይቀርቧቸው አዝዞ ከሆነማ ጉብኝቱ ራሱ ጣጣ ነው፤ ምስክር ማባበልም ሊመስል ይችላል። እርቁ ይቅር አልልም፤ ጊዜውንና መንገዱን ተከላካይ ጠበቃው ይወስን። ቅጣት ሲወሰን የሟች ቤተሰብ የመናገር መብት አለው፤ ያኔ ሊጠቅም ይችላል። ከእስር ቤት ሲደውልልዎም ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል አይነጋገሩ፤ ስልኩ ይቀዳል፣ በአማርኛ መሆኑም አይሸፍነውም፣ አስተርጓሚ አለ።

አሁን ልቆጣዎት ነው። «መታ» ብለው አልፈዋል። በምን? ባዶ እጅ ነው ወይስ ጠርሙስ? ስንቴ? ማን ጀመረ? ሰውየውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር? ጠርሙስ ከሆነ ነገሩ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ድብደባ ይከብዳል። ራሱን እየተከላከለ ከነበረ ክሱን ሊያፈርስ ይችላል። ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ለጠበቃው ብቻ ይንገሩ። ገንዘብ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ፐብሊክ ዲፌንደር፣ ማለትም መንግሥት የሚከፍለው ተከላካይ ጠበቃ፣ ይመድባል።

ስለ ዓመታቱ፦ ከዚህ በፊት ጥፋት ለሌለበት የቅጣት መመሪያው የሚያመለክተው 150 ወር ነው፤ ከ128 እስከ 180 ይንቀሳቀሳል። በተለመደው አሠራር ሁለት ሦስተኛው በእስር ያልፋል፤ ከ150 ወር 100 ማለት ነው። ጠበቃው ሊደራደርባቸው ከሚችላቸው ቀለል ያሉ ክሶች የአንዱ ጣሪያ 15፣ የሌላው 10 ዓመት ነው። አብሮት የተከሰሰ ካለ፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌላው ለፈጸመው የዚህ ዓይነት ግድያ የሚጠየቀው በከባዱ ወንጀል ዋና ተሳታፊ ከነበረና ለሰው ሕይወት ፍጹም ግድየለሽ ከሆነ ነው።

የክስ ወረቀቱን፣ የሆስፒታልና የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን ጠበቃው እንዲያሰባስብ ይጠይቁ፤ በሦስቱ ቀናት ሆስፒታል ውስጥ የሆነው ሁሉ የሞቱን ምክንያት ይነካል። ግብዣው ላይ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ፣ የሚጎዳው ቢመስላችሁ እንኳ ማንም እንዳያጠፋው፤ ማጥፋት ራሱ ወንጀል ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አልነገሩኝም፦ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ? ዜጋ ካልሆነ፣ የትኛውንም የጥፋተኝነት ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ተከላካዩ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር መነጋገሩን ያረጋግጡ፤ ጥቂት ዓመት ያስቀነሰ ፊርማ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል።