ጥያቄና መልስ፦ የኖርማን ባላባት ኑሮ በእንግሊዝ አገር

በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው መሬቱን ከተከፋፈሉ በኋላ አንድ ትልቅ ባላባት እንዴት ይኖር እንደነበር የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዬ ድሉ በተገኘበት በሄስቲንግስ ጦርነት የተዋጋው ዊልያም ዴ ዋረን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሀብታም ሲባል ምን ያህል?

መልስ፦ የአገሩ መሬትና ሀብት በተመዘገበበት በ1086ቱ የዱምስዴይ ቆጠራ የዋረን ይዞታ ከአሥር በሚበልጡ አውራጃዎች ተበታትኖ የዓመት ግምቱ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ፓውንድ ያኔ የሒሳብ መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ የሚመታው ገንዘብ የብር ፔኒ ነበር፣ 240ው አንድ ፓውንድ። 1,000 ፓውንድ በፔኒ ይከፈል ቢባል ከ3 ኩንታል በላይ ብር ይመዝናል። ይህ ሁሉ ግን እጁ አይገባም። ከፊሉን መሬት ለፈረሰኞቹ አካፍሏል፤ ከቀረውም ብዙው የሚመጣው በእህል፣ በከብትና በወፍጮ ኪራይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከኛ ጉልት በምን ይለያል?

መልስ፦ ግብሩና የጉልበት ሥራው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ገበሬው ላይ ነው። በሰሜኑ ያገራችን ክፍል ገባሩ ለባለ ጉልቱ ቢገብርም ርስቱ የራሱ ነበር። ቪሌን የሚባለው የእንግሊዝ ገበሬ ግን መሬቱን የያዘው ከጌታው ነው። በምላሹ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ ይሠራል፤ በመከር ጊዜ ይጨመርበታል። ከባዱ ማረሻ በ8 በሬ የሚቆጠር ስለሆነ ገበሬዎቹ በሬ ይቀናጃሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ አፈሩ ለእርሻ የሚመቸው ቀን ለሁዳዱም ለገበሬውም አንድ ነው። ሁዳዱ ይቀድማል፣ የገበሬው ማሳ ይዘገያል፣ የሁዳዱም ሥራ ከልብ አይሠራም። ስለዚህ ብዙ ጌቶች መንደሩን በቁርጥ ክፍያ ያከራዩ ነበር። ይሄኛውም መዘዝ አለው፤ ተከራዩ ትርፉን ለማግኘት ገበሬውን ይመጠምጠዋል። ከመሬቱ አቅም በላይ ኪራይ የሚጠየቅባቸው መንደሮች በዱምስዴይ ተመዝግበዋል።

ጥያቄ፦ ቤተ መንግሥቱን ከድንጋይ ያልሠሩት ድንጋይ አጥተው ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ፍጥነት ፈልገው ነው። ክብ ቦይ ይቆፈራል፤ አፈሩ ወደ መሃል እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ ጉብታ ይሆናል። አናቱ ላይ የእንጨት አጥርና ማማ ይቆማል። ከሥሩ በታጠረው ግቢ አዳራሹ፣ ጋጣው፣ ጸሎት ቤቱና፣ እሳት እንዳይዛመት ተነጥሎ የሚሠራው ማድ ቤት ይሆናሉ። አዲስ አፈር እየሰከነ ስለሚሰምጥ ከባድ የድንጋይ ማማ ቢጫንበት ይሰነጠቃል። ዓመታት አልፎ ጉብታው ሲጠነክር ነው በጠርዙ ዙሪያ የድንጋይ ግንብ የሚያዞሩት፤ ክብደቱ ይከፋፈላላ። በደቡብ እንግሊዝ ያለው፣ የዋረን ዋና መቀመጫ የነበረው የሉዊስ ምሽግ ሁለት ጉብታ አለው፤ ይህ ብርቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለንጉሡስ ምን ይከፍላል?

መልስ፦ የተመደበበትን ያህል ፈረሰኛ ያቀርባል፤ በልማድ አገልግሎቱ በዓመት 40 ቀን ነው። የንጉሡን ምሽግ በተራ ያስጠብቃል። ቤተሰቡን የሚያደኸየው ግን ጦርነት ሳይሆን የባላባቱ ሞት ነው። ወራሹ ይዞታውን ለመረከብ ለንጉሡ ይከፍላል። ለባሮን፣ ማለት መሬቱን በቀጥታ ከንጉሡ ለያዘ ትልቅ ባላባት፣ 100 ፓውንድ ተብሎ የተወሰነው በ1215 የንጉሡን ሥልጣን በገደበው ሰነድ፣ በማግና ካርታ ነው፤ ከዚያ በፊት ንጉሡ ያሻውን ይጠይቅ ነበር። ወራሹ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ንጉሡ ሞግዚት ሆኖ ገቢውን ይበላል፣ የጋብቻ መብቱንም ለሌላ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ዓመቱን የት ያሳልፋል?

መልስ፦ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እህል በጋሪ ከማጓጓዝ ጌታው ከነሎሌዎቹ ሄዶ ቢበላው ይረክሳል፤ ጎተራው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው መንደር። በመሃሉ ችሎት ይቀመጣል። ድል አድራጊው ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም እንግሊዝ ውስጥ ባለበት ዓመት ዘውድ ጭኖ የሚታየው ለፋሲካ በዊንቸስተር፣ ለጰንጠቆስጤ በዌስትሚንስተር፣ ለገና በግሎስተር ስለነበር መኳንንቱ እዚያ ይሰበሰባሉ። አደን ይወዳሉ፤ ነገር ግን የንጉሥ ደን ተብሎ በተከለለ ቦታ ባላባቱ በገዛ መሬቱም ላይ ያለ ፈቃድ አጋዘን መግደል አይችልም።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ ጠልቷቸው ቢገድላቸውስ?

መልስ፦ ለዚህ ደንብ ወጥቶ ነበር። የተገደለው ሰው እንግሊዛዊ መሆኑ ካልተረጋገጠ እንደ ኖርማን ይቆጠራል፤ ገዳዩም ካልተያዘ ቅጣቱን የአካባቢው ሕዝብ በጋራ ይከፍላል። ደንቡ የተሻረው በ1340 ነው፤ ያኔ ኖርማኑን ከእንግሊዙ መለየት ካስቸገረ ብዙ ጊዜ አልፎታል።