ለሞዴል ባቡር ዛፍ ስትሠሩ ከቅጠሉ በፊት ግንዱን አስተካክሉ

«ሐዲዱም ጣቢያውም አምሮልኛል፤ ዛፎቹ ግን እንጨት ላይ የተሰካ አረንጓዴ ኳስ መሰሉብኝ፣ ምን ላድርግ?» ላልከው ወንድሜ፦ የኔም የመጀመሪያዎቹ 30 ዛፎች እንደዚያው ነበሩ። ችግሩ የቅጠሉ መስሎኝ ስፖንጅ ስቀያይር ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ ከግንዱ ነበር።

መጀመሪያ ቁመቱን አስላ። በ1፡87 ልኬት (ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ ሲሠራ) የ15 ሜትር ዛፍ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ1፡160 ደግሞ 9 ተኩል ያህል። ብዙዎቻችን አሳጥረን ስለምንሠራ ዛፉ ከባቡሩ ጎን ሲቆም ቁጥቋጦ ይመስላል።

እኔ የምጠቀመው ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ለ17 ሴንቲ ሜትር ዛፍ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ 40 ያህል ክሮች እቆርጣለሁ። ከታች 3 ሴንቲ ሜትር ለሥር ትቼ ግንዱን በፒንሳ እገምዳለሁ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጋ ስደርስ 7 ወይም 8 ክር ለይቼ ለብቻው እገምዳለሁ፤ እሱንም ትንሽ ከሄደ በኋላ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ ጫፉ ላይ አንድ አንድ ክር እስኪቀር። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ክር ይዞ ስለሚወጣ ግንዱ ወደ ላይ በራሱ ጊዜ እየቀጠነ ይሄዳል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት የቅርንጫፎቹ ውፍረት ቢደመር የግንዱን ያህላል ብሎ ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። የሽቦ ዛፍ ይህን ሕግ ሳታስበው ይጠብቅልሃል። ቅርንጫፎቹን ግን በተለያየ ከፍታና አቅጣጫ አውጣቸው፤ ሁለቱ ትይዩ ከወጡ የስልክ እንጨት ነው የሚመስልህ።

ቅርጹን ጨርሰህ ካጣመምክ በኋላ ብቻ ቅርፊቱን ቀባ። ነጭ ኮላና ጀሶ በጥቂት ውኃ ለውሼ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ እቀባለሁ፤ የሽቦው ጥምዝ እስኪጠፋ። ከደረቀ በኋላ ብታጣምመው ይሰነጠቃል። በሲሊኮን የሚሞክሩ አሉ፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልምና ተወው።

ቀለሙ ላይ እለምንሃለሁ፣ ቡናማ አትቀባ። ወጣ ብለህ አንድ ግንድ ቀረብ ብለህ እየው፤ ብዙው ዛፍ ግራጫ ነው። ጥቁር ግራጫ ቀብቼ ሲደርቅ፣ ብሩሹን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነክሬ በጨርቅ እጠርገውና የቀረችውን ቀለም ከላይ ከላይ አስነካዋለሁ። ያኔ የቅርፊቱ ጎርባጣ ሁሉ ብቅ ይላል።

ቅጠሉ ላይ ነው እጅህን መሰብሰብ ያለብህ። የትራስ ሙሌት ፖሊስተር ጥቁር አረንጓዴ ቀለም እነክርና፣ ሲደርቅ በጣቴ እስኪሳሳ እዘረጋዋለሁ፤ ጋዜጣ ላይ ብታደርገው ጽሑፉ ሊነበብ ይገባል። ከዚያ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጋደም አደርጋለሁ እንጂ ዛፉን በሙሉ አላለብስም። የፀጉር ስፕሬይ ነፍቼ፣ በመፍጫ ደቅቆ ቀለም የገባ ስፖንጅ እነሰንስበታለሁ፤ ከሥር ጠቆር ያለውን፣ ፀሐይ በሚያገኘው አናት ላይ ፈካ ያለውን። ስፕሬዩ ተቀጣጣይ ስለሆነ መስኮት ክፈት፣ እሳት አታቅርብ። ሲያልቅ ወደ ብርሃን አንሳው። በቅጠሉ መሐል ብርሃን ካላለፈ አሁንም በዝቷልና ቀንስ።

ይህ አሠራር ለጥድ አይሆንም። ለሱ ቃጫ ቆራርጠህ በሁለት ሽቦ መሐል አስገብተህ በድሪል ታሾረዋለህ፣ ከዚያ በመቀስ ወደ ላይ እያሾልክ ትከረክማለህ። ከርቀት ለሚታየው ጫካም እንዲህ መድከም የለብህም፤ ሽቦውን ከፊት ለፊት ለሚቆሙት አምስት ስድስት ዛፎች ቆጥብ።

ከታች የተውካቸውን ክሮች እንደ ሥር ዘርግተህ ሦስት አራቱን ቀጥ አድርገህ ገምዳቸው። በነሱ ሰሌዳው ላይ ሰክተህ፣ ኮላ ሳትነካ ለጥቂት ቀን በሐዲዱ ቁመት ዝቅ ብለህ እየው። ቦታው ካልጣመህ ነቅለህ ታዛውረዋለህ።