ወንበሩን ከመቀበላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይልቁንም ሴት ልጆቼ፣

አዳማ ላይ በውሃ ሥራ አርጅቻለሁና አንድ ነገር ልንገራችሁ። «የውሃ ኮሚቴው ውስጥ ሴት አለች ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ኮሚቴው ምን የመወሰን ሥልጣን አለው? ይህንን ጠይቁ።

የአዋሽን ታሪክ እዩት። ወንጂ ላይ ሸንኮራ የተከለው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ቀደም ሲል በጃቫና በሱማትራ፣ በቅኝ ግዛት ምድር፣ ሰፋፊ እርሻ ያስተዳድር ነበር። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ወደ እኛ ዞረ፤ የወንጂ ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ደግሞ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። በቅኝ አልተገዛንም፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ወንዙ ለማን ይፍሰስ የሚለውን የወሰነው አሠራር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በዚያ አሠራር ውሃ የመሐንዲስ፣ የባለሀብትና የመንግሥት ጉዳይ ሲሆን፣ እንስራ የተሸከመችው ሴት ከሒሳቡ ውጭ ናት። ወደ መተሐራ ዝቅ ብትሉ የከረዩ አርብቶ አደርም የግጦሽ መሬቱንና ወደ ወንዙ የሚወርድበትን መንገድ ያጣው እዚያ በተተከለው የሸንኮራ እርሻ ነው።

ዋጋው በሰውነት ላይ ታይቷል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የተባለው፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የወንጂ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ይጠጡ የነበረው የጉድጓድ ውሃ ከዚያ እጅግ ያልፍ ነበር። የልጆች ጥርስ በለዘ፣ የጎልማሶች አጥንት ደረቀ። የልጇ ጥርስ የበለዘባት እናት ከየትኛው ጉድጓድ ስትቀዳ እንደኖረች ታውቃለች። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ግን ማን ጠየቃት?

«እንግዲያው የጥንቱን እንመልስ» የሚሉም አሉ። የኦሮሞ ሴቶች አቴቴ በሚባለው የሴቶች የጸሎት ሥርዓት ተሰብስበው ዝናብ ሲለምኑ፣ መብታቸው ሲነካ ሲንቄ የተባለውን የክብር በትራቸውን ይዘው አደባባይ ሲወጡ ኖረዋል። ይህ ከማንም ያልተዋስነው የራሳችን የሴቶች ፖለቲካ ነውና አጥብቃችሁ ያዙት። ይሁንና በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች የማጠጫውን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄረጋ ወንድ ነው። ወጉን የምንወደው ይህንንም እያየን ይሁን።

የዛሬውን ደግሞ ልብ በሉ። በብዙ የቦኖ ኮሚቴ ሴቷ ገንዘብ ያዥ ናት። የሣጥኑ ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል፤ ስለታመነች ነው፣ ደግ ነው። ታሪፉ ሲቆረጥና የቧንቧው መስመር ሲመረጥ ግን ሊቀመንበሩ ከወረዳው ጋር ጨርሶ ይመጣል፣ እርሷ ትፈርማለች። ስብሰባውም የሚጠራው ጠዋት፣ የጀሪካኑ ወረፋ ሳያልቅ ነው። በመስኖ በኩል የባሰ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የሚቋቋሙት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አባልነት ከመሬት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በመሬት ደብተሩ ላይ ስሟ የሌለ ሴት ቦዩን ስትጠርግ ውላ ድምፅ ሳይኖራት ልትቀር ትችላለች።

ስለዚህ በስማችሁ የተጻፈ የመሬት ደብተር ይኑራችሁ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 በቃላችሁ ያዙ፤ ሴቶች በልማት ፖሊሲና በፕሮጀክቶች ዕቅድ ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የስብሰባው ሰዓት ለእናንተ በሚመች ጊዜ እንዲሆን አስወስኑ። የቦኖውን ሥራ ስትለምዱ የተፋሰሱን ስብሰባ በር አንኳኩ፤ የአዋሽ ውሃ ድልድል የሚመከረው እዚያ ነው። ቃለ ጉባኤው ሳይነበብላችሁ፣ የተቃወማችሁትም ሳይሰፍርበት፣ አትፈርሙ።