ጥያቄና መልስ ከጋሽ ፖምፒስት ጋር፦ አየር የሚገፋለት የፒክአፕ ሞተር ዕድሜ እንዲያገኝ

ጋሽ ፖምፒስት፦ የእሸት ቡና ወቅት ሳይደርስ ጥያቄ ልቀበል። ርዕሱ ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር የሚገፋ መሣሪያ፣ ያለው የፒክአፕ ሞተር ነው፤ እንዲበር ሳይሆን እንዲበረክት። ስትጠይቁ የሞተሩን ዓይነት፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና የለካችሁትን ጻፉ። ባልተለካ ነገር ላይ ሐሳብ አልሰጥም።

የጅሬን ልጅ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ጉልበት አጥቷል። ምን ይሻለኛል?

ጋሽ ፖምፒስት፦ ምን መኪና? ምን ሞተር? ከላይ ያለውን አንብበህ ተመለስ።

ባለ ስድስት ሲሊንደር፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የእኔ ከዐረብ አገር የመጣ ሃይሉክስ ነው፤ 4.0 ሊትር ቤንዚን፣ 1ጂአር ሞተር፣ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት፣ 140,000 ኪሎ ሜትር የሄደ። እዚያ ሳለ የግፊት ጌጁ 50 ኪሎፓስካል ያነብ ነበር፣ ጅማ ሲገባ ወደ 40 ወረደ። አንድ ጋራዥ ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረውን ፑሌጃ (ቀበቶው የሚጠመጠምበትን ጎማ) አነስ ባለ ቀየረልኝና 68 ደረሰ። አሁን ግን ጭኜ ከግቤ ወደ ወልቂጤ ስወጣ ያንኳኳል። ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ) ፒስተን ላስገባለት?

ጋሽ ፖምፒስት፦ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው እግዜር ይስጠው። ፒስተኑን ለጊዜው ተወው።

በመጀመሪያ ከ50 ወደ 40 መውረዱ ብልሽት አልነበረም። የአንተ ሱፐርቻርጀር በቺንጋ (በቀበቶ) ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር ታስሮ ስለሚዞር ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ያበዛል እንጂ በከፍታ የጎደለውን አይሞላም። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 100 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በአንድ ተኩል ሲባዛ 150። ጌጁ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሚያነብ 50 ይላል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 82 አካባቢ ነው። በአንድ ተኩል ሲባዛ 123፣ ጌጁ ላይ 41። ሞተርህ ጤነኛ ነበር።

ፑሌጃው ሲያንስ ማባዣው ወደ 1.83 ወጣ። ጅማ ላይ 150 ደረስክ፣ ደስ አለህ። ከዚያ ግቤ ወረድክ። ድልድዩ አካባቢ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ወደ 89 ይጠጋል፤ በ1.83 ሲባዛ 163። ይህ በባሕር ጠለል ከነበረውም በላይ ነው፤ ያውም በቆላው ሙቀት፣ ያውም ከነጭነቱ፣ ያውም ዳገቱ ሲጀምር። አየር ሲጨመቅ ይግላል። 30 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር በድሮው ፑሌጃ ወደ 90፣ በአዲሱ ከ120 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንደሚወጣ ገምት። ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ከሌለው ያ ሙቀት እንዳለ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ቤንዚኑም የካንዴላው እሳት እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በየጥጉ ይፈነዳል። የምትሰማው ማንኳኳት እሱ ነው። ፒስተን የሚሰነጥቀው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚሰብረው፣ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ፎርጅድ ፒስተን ዱላውን ይችለዋል፤ ዱላውን ግን አያስቀርልህም።

ስለዚህ የቀድሞውን ፑሌጃ መልስ። የነዳጅ ፓምፑን ግፊት ቆሞ ሳይሆን ዳገት ላይ እየነዳህ አስለካ። የአየርና የነዳጅ ድርሻውን ሰፊ መጠን በሚያነብ የኦክስጅን ዳሳሽ እይ፤ በሙሉ ጭነት ከ11.5 እስከ 12 ለ1 ይሁን። ወደ 13 ከሄደ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ። ካንዴላውን አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ወዳለው ቀይር፣ ክፍተቱን አጥብብ። ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ ሱፐርቻርጀሩ ሲገፋ ብቻ ጥቂት ዲግሪ አዘግይ። ገንዘብ ከተረፈህ ኢንተርኩለር ግዛ። ፒስተን ከዚያ በኋላ፣ እሱም ሬክቲፊካ ቤቱ (ሲሊንደር የሚሞርደው ጋራዥ) በልኩ ሊሠራልህ ከቻለ። ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ለውኃው ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተውን፣ ደግሞ እንዳታወጣ።

ሄርማታ፦ ጋሼ፣ ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው ይባላል። እኔ ካወጣሁት ቆየሁ፣ መኪናው አልጋለም።

ባለ አይሱዙ፦ እኔም አውጥቻለሁ፤ አሁን ሜዳ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ያፈላል።

ሄርማታ፦ የአንተ ራዲያተሩ ቆሽሾ ነው።

ባለ አይሱዙ፦ ራዲያተሬ አዲስ ነው!

ጋሽ ፖምፒስት፦ አትጨቃጨቁ። በብዙዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውኃው ራዲያተሩን የሚዘልበትን አጭር መንገድ ይዘጋል። ስታወጣው ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውኃ ራዲያተር ሳያይ ይመላለሳል። ከተማ ውስጥ ላይታወቅህ ይችላል፣ ጭነት ሲመጣ ይታወቅሃል። የራዲያተሩን ክዳን እዩ፤ ጅማ ላይ ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ የሚያስችለው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ቴስታታ ያጣምማል።

የጅሬን ልጅ፦ ጋሼ፣ ሃይሉክስ ነው። ነጭ።

ጋሽ ፖምፒስት፦ ቀለሙን አልጠየቅሁህም። ሊብሬውን ክፈት፣ የሞተሩ ቁጥር የሚጀምርበትን ጻፍ።

ከሊሙ ገነት፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ። የወንድሜ መኪና ሞተሩ የቶዮታ 1ኬዲ፣ 3.0 ናፍጣ፣ 260,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ነው። ጠዋት ሲነሣ ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፣ የዘይት መብራቱም ዘግይቶ ይጠፋል። ኢንጀክተሮቹ ተፈትነው ደህና ናቸው ተብሏል። ወንድሜ የቱርቦው ግፊት ይጨመርልኝ እያለ ነው።

ጋሽ ፖምፒስት፦ እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። ቱርቦውን ማንም እንዳይነካው፤ መኪናውም ዛሬውኑ ይቁም። የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር ጥገና ሙያዬ ስለሆነ ይህን በደንብ ልንገርሽ። ኢንጀክተር በመፈተሻው ላይ ደህና ነው ሲባል ጫፉ በትክክል ይረጫል ማለት ነው። ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ጋዝ እንዳያልፍ የምትዘጋ ቀለበት) አጥብቃ ይዛለች ማለት አይደለም። ሮንዴላዋ ስታሳልፍ የቃጠሎው ጋዝ ሽቅብ ወጥቶ ከዘይቱ ጋር ይገናኛል፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ ጥላሸቱ ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ፓምፑ የሚስበው ያጣል፤ ብሮንዚን (የዘንጉ መቀመጫ)፣ ቢየላ (የፒስተን ክንድ)፣ ቱርቦ ተራ በተራ ይሄዳሉ። መብራቱ የሚዘገየው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የቫልቩን ክዳን አስከፍቱና ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ጥቁር ዝቃጭ ካለ እዩ። ካርተሩ (የዘይት ሳፋው) ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ሮንዴላዎቹ በአዲስ ይተኩ፤ አሮጌውን አግሎ መመለስ የለም። መቀመጫቸውም ይጽዳ። ጠዋት የሚሰማው ድምፅ ከቀጠለ ኢንጀክተሮቹ የሚመልሱት ናፍጣ ይለካ፤ በዚህ ሞተር ላይ ክፉ ኢንጀክተር ፒስተን ይሰነጥቃል።

ቆጪ፦ ስለ ግቤ ካነሣችሁ፣ እኔ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቼ ነው የምወርደው። ነዳጅ ይቆጥባል።

ባለ አይሱዙ፦ ፍሬንህ ሲግል የት ልትደርስ ነው?

ቆጪ፦ ስንት ዘመን የወረድኩበትን መንገድ አታስተምረኝ።

ጋሽ ፖምፒስት፦ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ስታነሣ ናፍጣውን ያቋርጣል። ማርሽ ስታወጣ ግን ሥራ ፈትቶ ለመዞር ናፍጣ ይጠጣል። ቁጠባህ የት አለ? ሌላ ጥያቄ።

መንደራ፦ ከውጭ የቱርቦ መኪና ባስመጣ ቀረጡ ስንት ይሆናል?

ጋሽ ፖምፒስት፦ ጉምሩክን ጠይቅ።

ሰርቦ፦ ጉልበት የሚጨምር ሳጥን ኢንጀክሽኑ ላይ ይሰካል የሚሉት እንዴት ነው?

ጋሽ ፖምፒስት፦ የጢስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አለህ? ከሌለህ አትሰካ። ከቱርቦው በፊት ሲለካ 700 ዲግሪ ላይ ረጅም ዳገት እንድትወጣ አልፈቅድም።

የጅሬን ልጅ፦ 2ኬዲ ይላል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ አለው፣ ፉጨትም ይሰማል።

ጋሽ ፖምፒስት፦ ይህን መጀመሪያ ብትል ኖሮ! ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚወስደው ጎማ ተቀዶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ይሆናል። ቱርቦ ግዛ የሚልህን አትስማ፤ በመጀመሪያ ቱቦውን አውጥተህ በእጅህ ዳስሰው፣ የአየር ፊልትሮውንም እይ። አቧራ የሞላበት የገራ መንገድ ፊልትሮ ይጨርሳል።

የአጋሮው፦ ጋሼ፣ ቴርሞስታት ማውጣት ይጠቅማል?

ጋሽ ፖምፒስት፦ ከላይ አንብብ።

የአጋሮው፦ ይቅርታ። ሌላ ላንሣ፤ ሰኮሩ ላይ ለምሳ ስንቆም ሞተር ወዲያው ማጥፋት ቱርቦ ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ፖምፒስት፦ ከግቤ ዳገቱን ከነጭነት ወጥተህ ከሆነ፣ አዎ። ዘይቱ መሽከርከሩን ሲያቆም በጋለው ዘንግ ላይ ይቃጠላል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይዙር፣ ከዚያ አጥፋ። ጀንፈል አራግፈህ በባዶ ከሆነ የመጣኸው ወዲያው አጥፋው። 1ኬዲም ሆነ 2ኬዲ ሞተር ያላችሁ ሁሉ ደግሞ የታይሚንግ ቀበቶውን 150,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቀይሩ፤ የቀድሞው ባለቤት ቀይሬዋለሁ ካለ ደረሰኙን ጠይቁት፤ ደረሰኝ ከሌለው እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።