ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሜሪላንድ ውስጥ በዩሮሎጂ (የሽንት አካላትና የወንዶች ሕክምና) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ፕሮስቴት ወንዶች ከሽንት ፊኛ ሥር ያላቸው እጢ ነው። ስለ ጥንቃቄና ምርመራ ጠይቁኝ። ውጤት አይቼ ግን ካንሰር ነው፣ አይደለም አልልም።

አቤል፦ ሲስተር፣ 46 ዓመቴ ነው። ምንም አያመኝም። ልመርመር?

መልስ፦ ሲጀምር አያምም፤ እስኪያምህ አትጠብቅ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጥቁር ወንዶች ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩ ይመክራል። አባቱ ወይም ወንድሙ 65 ሳይሞላው በዚህ የታመመም እንደዚያው። የቤተሰብህንም ታሪክ አጣራ። እኛ ዘንድ «ሽንት ከልክሎት ሞተ» ተብሎ ይታለፋል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ በዕድሜ የሚመጣው የፕሮስቴት እብጠትም። አገር ቤት ደውልና ታላላቆችህን ጠይቅ፦ ከፕሮስቴቱ ለምርመራ ናሙና ተወስዶለት ነበር? ወገቡን፣ አጥንቱን ያመው ነበር?

ቢኒ፦ ፒኤስኤዬ ከፍ ብሏል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፒኤስኤ ማለት ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን ነው። ያንተ ስንት ሆነ? ዕድሜህስ?

ቢኒ፦ 5.2። 58 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ስትነግረኝ ነው የምንግባባው። ፒኤስኤን ከፍ የሚያደርገው ካንሰር ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ እብጠት፣ ለምርመራው ደም ከመስጠትህ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት የተደረገ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ረጅም የብስክሌት ጉዞም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይደገማል። ከዚያ ኤምአርአይ የተባለው የምስል ምርመራ፣ ካስፈለገ ናሙና ይከተላል።

አሁን የምለውን ሁላችሁም ስሙኝ። ለፀጉር መርገፍ ወይም ለሽንት ችግር ፊናስቴራይድ የተባለውን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒቱ ለወራት ሲወሰድ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ያወርደዋል። ወረቀቱ ላይ 2.5 አይቶ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው፣ ትክክለኛው ቁጥር ወደ 5 ሊሆን ይችላል። ንገሩት!

ደሳለኝ፦ ጾም አላፈርስም። ይከላከልልኛል?

ሳሚ፦ መድኃኒቱማ ጾም ነው! አባቶቻችን መች ይህ በሽታ ያውቃቸው ነበር?

ደሳለኝ፦ መች ተመርምረው?

ሳሚ፦ ምርመራው ነው ሰዉን በሽተኛ ያደረገው።

መልስ፦ ሳሚ፣ ይህን አባባል ሰምቶ የሚቀር ሰው አለ፤ እባክህ ተወው። የጾም ምግብ ጥሩ ነው፣ ዘይት ካልበዛበት። ውፍረት ከከባዱ የካንሰር ዓይነት ጋር ይያያዛል። ሲጋራ አቁሙ፣ በእግር ሂዱ።

ሳሚ፦ ቫይታሚን ኢስ?

መልስ፦ ለዚህ ብለህ እንዳትውጥ። ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሴሌክት የተባለው ጥናት በ2011 እንዳሳየው፣ በወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ በዝቷል።

ሃና፦ ጥቁር አዝሙድስ?

መልስ፦ ለዚህ ማስረጃ የለውም።

ዮናስ፦ እኔም ፒኤስኤ ተመርምሬ ነበር። እንዴት ነው?

መልስ፦ ምኑ እንዴት ነው? ለቢኒ የመለስኩትን አንብብ። ቁጥሩን፣ ዕድሜህን፣ የምትወስደውን መድኃኒት ጻፍ።

ዮናስ፦ 3.1፣ 61 ዓመት። ለፀጉሬ ፊናስቴራይድ እወስዳለሁ፣ ዓመት አልፎኛል።

መልስ፦ ሐኪምህ ያውቃል?

ዮናስ፦ አልጠየቀኝም።

መልስ፦ ነገ ጠዋት ደውልና ንገረው።