የእምቦጩን ትምህርት ቪዲዮ ለክፍሉ ብቻ ለማድረስ፦ ዩቲዩብ ወይስ ቴሌግራም?

የጣና ሐይቅን ስለወረረው የውሃ አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ ያዘጋጁትን ቪዲዮ ለ70 ተማሪዎችዎ ብቻ በየት እንደሚያደርሱ ጠይቀዋል፤ በመሃሉ ከሌላ ሰው ዶክመንተሪ የተወሰደ 12 ደቂቃ እና የገበሬዎች ምስል አለበት። ለ70 ተማሪዎች ብቻ ከሆነ ሁለቱም አያዋጣም። ዩቲዩብ ላይ «ያልተዘረዘረ» ማለት ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያየዋል ማለት ነው፤ «የግል» ቢያደርጉት ደግሞ በኢሜይል የሚጋብዙት ከ50 ሰው አይበልጥም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ በኋላ ቢያጠፉት እንኳ አስቀድሞ ያወረደው ሰው ጋ ይቀራል።

የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልዎ ጉግል ድራይቭ ካለው፦

1. ቪዲዮውን እዚያ ይጫኑ፤ ማጋሪያው ላይ «የተገደበ» የሚለውን ይምረጡ።
2. የተማሪዎቹን ኢሜይል ያስገቡ።
3. በማጋሪያው ላይ ባለችው ጥርሳማ የማስተካከያ (ሴቲንግ) ምልክት ገብተው ተመልካች እንዳያወርድ ያድርጉ። (ስልክ ደቅኖ የሚቀዳውን ግን ማንም አያስቆመውም።)
4. ሊንኩን ሙድል (የኦንላይን መማሪያ ገጹ) ላይ ያስቀምጡ።

መሃል ላይ ያስገቡትን የሌላ ሰው ዶክመንተሪ 12 ደቂቃ ቆርጠው ያውጡት፤ በቦታው የዋናውን ባለቤት ሊንክ ይስጡ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ለማስተማር መጠቀምን የሚፈቅደው በተገቢው ልክ፣ ምንጭና ደራሲ ተጠቅሶ ነው። 12 ደቂቃ ሙሉ መጫን በዚያ ልክ ውስጥ ይገባል ብዬ አልከራከርም።

ጣና ዳር እምቦጭ ሲነቅሉ ፊታቸው የሚታየው ገበሬዎችስ? ለመቀረጽ እሺ ማለት ኢንተርኔት ላይ ልውጣ ማለት አይደለም። ፈቃዳቸውን ለብቻው ይጠይቁ፣ ካልሆነ ፊታቸውን ያደብዝዙ።

ሊንኩን በራስዎ አካውንት አይፈትኑት፤ ለእርስዎ ሁሌም ይከፍታል። ከአካውንትዎ ወጥተው ይሞክሩት።