አንድ ኖት ሲሳብ ኮርዱ ሁሉ አብሮ ለምን ይሳባል?

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ በሚለማመድ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሊንስትሩመንትን (ጣት በማንሸራተት ድምፅ የሚሳብበትን የሚዲ መቆጣጠሪያ) ከሃይድራሲንዝ ኤክስፕሎረር ሲንቴሳይዘር ጋር በባለ አምስት ፒን ሚዲ ገመድ አገናኝቻለሁ። ኮርድ ይዤ አንዱን ኖት ብቻ እንደ ማሲንቆ ልስበው ስል ሁሉም አብሮ ይሳባል። ያውም ጣቴ አንድ ኦክታቭ ሄዶ ድምፁ የሚነቃነቀው ለጥቂት ነው። ሊንስትሩመንቱ ላይ ቤንድ ሬንጁ (ድምፁ ሊሳብ የሚችልበት ስፋት) 48 ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) ነው። ሲንቴሳይዘሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሁለቱ መሣሪያዎች አልተግባቡም፤ ያልተግባቡትም ሁለት ነገር ላይ ነው።

አንደኛው ቻናሉ ነው። በተለመደው ሚዲ የፒች ቤንድ (ድምፅ የመሳብ) መልእክት የሚሄደው ለኖቱ ሳይሆን ለቻናሉ ነው። ሦስቱም ኖቶች ቻናል 1 ላይ ካሉ ሦስቱም ይሳባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው ኤምፒኢ የተባለው የሚዲ ደንብ ይህን የፈታው ለእያንዳንዱ ኖት የራሱን ቻናል በመስጠት ነው። ቻናል 1 እንደ ሰስቴን ፔዳል ላለው የጋራ ትእዛዝ ይቀራል፤ ኖቶቹ ከ2 እስከ 16 ይከፋፈላሉ። የእርስዎ ሊንስትሩመንት «ዋን ቻናል» ላይ ያለ ይመስላል። የስፕሊት ማስተካከያው ውስጥ ገብተው «ቻናል ፐር ኖት» የሚለውን ተጭነው ትንሽ ይያዙት፤ ቻናሎቹንና 48ን ራሱ ያስተካክላል። ከዚያ ሃይድራሲንዝ ላይ ኤምፒኢን ያብሩ።

ሁለተኛው የቤንድ ሬንጁ ነው። ሊንስትሩመንቱ በ48 ሰሚቶን ልክ ሲልክ ሲንቴሳይዘሩ በ2 ከተረጎመው፣ 12 ሰሚቶን (አንድ ኦክታቭ) የሄደ ጣት 12 ለ48 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ ግማሽ ሰሚቶን ብቻ ይሰጣል። ያጋጠመዎት ይኸው ነው። ሃይድራሲንዝ ላይም የኤምፒኢውን ቤንድ ሬንጅ 48 ያድርጉት። ሬንጁ ሰፋ ብሎ ድምፁ እንደ ደረጃ ይዘላል ብለው አይስጉ፦ ፒች ቤንድ ወደ አንድ አቅጣጫ 8,192 እርምጃ ስላለው ለአንድ ሰሚቶን 170 ገደማ ይደርሰዋል።

ይህን ካስተካከሉ በኋላ የሚመጣውን ሌላ ችግር ከወዲሁ ልንገርዎት፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው እሱን ነው። የአምስት ፒን ገመድ በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ያሳልፋል፤ አንድ ባይት በገመዱ ላይ 10 ቢት ስለሚወስድ ይህ 3,125 ባይት ነው። አንድ ጣት በተነቃነቀ ቁጥር ፒች ቤንዱ 3 ባይት፣ ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተቱ (ሲሲ 74) 3፣ ግፊቱ 2፣ በድምሩ 8 ባይት ይልካል። አምስት ጣት 40 ባይት ነው፤ ያ ብቻ 13 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አዲስ የመቱት ኖት ከዚህ ሰልፍ ጀርባ ይቆማል፤ ኮርዱ የተበተነ ይመስላል፣ ስበቱም ይቆራረጣል።

ስለዚህ በዩኤስቢ ይሂዱ። ሁለቱን በአንድ ገመድ በቀጥታ ማገናኘት ግን አይሠራም፤ ሁለቱም ታዛዥ መሣሪያዎች ስለሆኑ በመሃል አዛዥ ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ወይም ለዚሁ የተሠራ የዩኤስቢ ሚዲ ሆስት ይሆናል፤ የስልክ ኦቲጂ ገመድ ብቻውን አይበቃም። ሊንስትሩመንቱም ከሚዲ ሶኬቱ ወደ ዩኤስቢ መዞሩን ያረጋግጡ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ ሚክሰሩ እም እያለ ካስቸገረ ቻርጀሩን ነቅለው ይሞክሩ፤ ከጠፋ ችግሩ የግራውንድ ነው። ላፕቶፕ እስኪገኝ ድረስ ሲሲ 74ን ቢያጠፉት ለአምስት ጣት ወደ 8 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ ለልምምድ ያህል ይበቃል።

ግፊቱና ሲሲ 74ም በራሳቸው ድምፅ አይለውጡም። ፓቹ (የድምፁ ቅንብር) ውስጥ፣ ሞዱሌሽን ማትሪክሱ (ምኑ ምኑን እንደሚቆጣጠር የሚወሰንበት ክፍል) ላይ፣ ከአንድ ነገር ጋር መታሰር አለባቸው። ለማሲንቆ ዓይነት ድምፅ ግፊቱን ከድምፅ መጠኑ ጋር፣ ሲሲ 74ን ከፊልተሩ ከትኦፍ (የድምፁን ብሩህነት ከሚወስነው) ጋር ማሰር ጥሩ መነሻ ነው። ዘጠነኛ ኖት ሲጨምሩ የመጀመሪያው ቢቆረጥ አይደንግጡ፤ ሃይድራሲንዝ ኤክስፕሎረር በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው 8 ኖት ብቻ ነው። ረጅም ሪሊዝ ያለው ፓች ላይ የለቀቁት ኖት ጭራም ከስምንቱ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ለቅኝቱ፦ ሊንስትሩመንቱ ላይ «ኳንታይዝ ሆልድ» ከበራ ጣትዎ በቆመበት ድምፁን ወደ ቅርቡ ሰሚቶን ይጎትተዋል። በሁለት ሰሚቶን መካከል መቆም ከፈለጉ ያጥፉት፤ «ኳንታይዝ» ግን ይብራ፣ አነሳሱን ንጹሕ ያደርገዋል።

አሁንም ሁሉም አብሮ ከተሳበ ላፕቶፑ ላይ ሚዲ ኦክስ (ዊንዶውስ) ወይም ሚዲ ሞኒተር (ማክ) ከፍተው ሦስት ኖት ይጫኑ። ሦስት የተለያየ ቻናል ካዩ ሊንስትሩመንቱ ደህና ነው፣ ሃይድራሲንዙን ይፈትሹ። ሦስቱም 1 ካሉ ሊንስትሩመንቱ ገና «ዋን ቻናል» ላይ ነው።